ምክሩ ከማዕበሉ ቀድሞ ነበር

ጃንዋሪ 31 ቀን 1953 ቅዳሜ ማታ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ከሰሜን ባሕር የተነሣ ወጀብ ውሃውን ወደ ኔዘርላንድስ ደቡብ ምዕራብ ዳርቻ ይገፋዋል። የአገሩ ሬዲዮ እንደ ልማዱ እኩለ ሌሊት ላይ ስርጭቱን ዘጋ። ሰዉም ተኛ። ሊነጋጋ ሲል ባሕሩን አግደው የኖሩት የአፈር ክትሮች በብዙ ቦታ ተደርምሰው ነበር። 1,836 ሰው አለቀ።

ነገሩ የእግዜር ቁጣ ነው ተብሎ ሊታለፍ ይችል ነበር፤ ችግሩ አስቀድሞ የተናገረ ሰው መኖሩ ነው። ዮሐን ፋን ፌን የመንግሥት የውሃ ሥራዎች መሐንዲስ ነበር። ክትሮቹ አጭር መሆናቸውን ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት ጀምሮ ሲናገር ኖሯል። ቬመልስፌልደር የሚባለው ባልደረባው ደግሞ በ1939 የባሕር ሙላቱን መዝገብ አገላብጦ «ውሃው ከዚህ በላይ አይመጣም» የሚባል ጣሪያ እንደሌለ በስሌት አሳይቷል፤ ያለው የዕድል ጉዳይ ብቻ ነው፣ ከፍ ያለው ሙላት እየራቀ ይመጣል እንጂ አይቀርም አለ። ፋን ፌን «ዶክተር ካሳንድራ» በሚል የብዕር ስምም ጽፏል። ካሳንድራ በግሪኮች ተረት የምትናገረው ሁሉ እውነት ሆኖ ሳለ ማንም እንዳያምናት የተረገመች ሴት ናት። ሰውዬው ዕጣውን አስቀድሞ ያወቀው ይመስላል።

ለምን አልተሰማም? ጦርነቱ መጣ። ከጦርነቱ በኋላ ገንዘቡ የፈረሰ ከተማ መጠገኛ ሆነ። ከሁሉ በላይ ግን የክትሮቹ ደካማነት በባለሙያዎችና በሹማምንት መካከል የተያዘ ጉዳይ እንጂ ከክትሩ ሥር የሚተኛው ገበሬ የሚያውቀው ነገር አልነበረም። ጎርፉ ካለፈ በኋላ ሦስት ሳምንት ሳይሞላ የዴልታ ኮሚሽን ተቋቋመ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው ነገሩ፤ የሆላንዱ ውሻ ግን መጮኹን ሳያቋርጥ ይኸው ሰባ ዓመት አለፈው፤ ለዚህ ክብር ይገባዋል።

በባሕርና በሐይቅ ዳርቻ ላይ ስለሚወሰኑ ውሳኔዎች የተጻፈውን ሁሉ ብታነቡ አንድ እሮሮ ይደጋገምባችኋል፦ «ሳይንቲስቱ ተናገረ፣ ፖለቲከኛው አልሰማም።» እኔ ይህን እሮሮ በግማሹ ብቻ ነው የምቀበለው። ብዙ ጊዜ ወሳኙ ሰምቷል። ምክሩ የተሰጠው በዝግ ክፍል ስለሆነ፣ የተቀበለውና የጣለው የትኛው እንደሆነ የሚቆጥርበት ሰው ግን የለም። የሚከተሉት ታሪኮች ከተለያየ አህጉር የመጡ ናቸው፤ እኔ ሁሉንም በዚች አንድ ጥያቄ ነው ያየኋቸው፦ ምክሩ የት ተጻፈ፣ ማንስ አነበበው?

ከአሜሪካ እንጀምር። በሰሜን ካሮላይና አውተር ባንክስ የሚባሉት ደሴቶች ከዋናው ምድር ተነጥለው እንደ ቀጭን መቀነት የተዘረጉ አሸዋዎች ናቸው። ከዋሽንግተን በመኪና የአምስት ሰዓት ያህል መንገድ ስለሆኑ ዋሽንግተን የምትኖሩ አንባቢዎች ምናልባት ለዕረፍት ሄዳችሁባቸው ይሆናል። አሸዋው አይቀመጥም፤ በውቅያኖሱ በኩል ይሸረሸራል፣ በኋላው በኩል ይከማቻል፤ ደሴቱ ራሱ ቀስ እያለ ይሄዳል። ሰው ግን የሚሄድ መሬት ላይ የማይሄድ ቤት ሠራ።

በዚያው ዳርቻ ኬፕ ሃተራስ የሚባል የመርከበኞች የመብራት ማማ አለ። በ1870 ሲሠራ ከውሃው 460 ሜትር ያህል ይርቅ ነበር፤ በ1970 የቀረው 37 ሜትር ገደማ ነው። ግንብ ይሠራለት? አሸዋ ይደፋለት? የአሜሪካ የሳይንስ አካዳሚ ጉባኤ በ1988 ጉዳዩን አጥንቶ «ከነነፍሱ አንሥታችሁ ውሰዱት» አለ። በአካባቢው ሰው ዘንድ ተቃውሞው የጋለ ነበር፤ ይህን የሚያህል የጡብ ማማ ሲንቀሳቀስ ይፈርሳል ተባለ፣ ክስም ተመሠረተ። በ1999 ማማው ከመሠረቱ ተቆርጦ በብረት ሐዲድ ላይ ወጣና በ23 ቀን ውስጥ 880 ሜትር ያህል ወደ ኋላ ተጓዘ። ዛሬም ቆሟል። ምክር ከተሰጠበት እስከ ተፈጸመበት አሥራ አንድ ዓመት ቢፈጅም፣ የተመከረው ተፈጸመ።

አሁን ያንኑ ዳርቻ ከአሥር ዓመት በኋላ እዩት። የግዛቱ የባሕር ዳርቻ ኮሚሽን የራሱ የሳይንስ ጉባኤ አለው። ጉባኤው በ2010 ባወጣው ሪፖርት የባሕሩ ከፍታ እስከ 2100 ድረስ 39 ኢንች፣ ማለትም አንድ ሜትር፣ እንደሚጨምር ታሳቢ ተደርጎ ዕቅድ ይውጣ አለ። ሃያ የባሕር ዳርቻ አውራጃዎችን እንወክላለን ያለ ማኅበር ተነሣ። ቁጥሩ ግምት ነው፣ መሬታችንን ዋጋ ያሳጣል፣ ባለሀብት ያሸሻል አለ። በ2012 የግዛቱ ምክር ቤት አንድ ሕግ አወጣ፤ በመጀመሪያ ረቂቁ ወደፊት የሚመጣው የባሕር ከፍታ ባለፈው ዘመን ፍጥነት ብቻ እንዲሰላ የሚያዝዝ ነበር። በቴሌቪዥን የቀልድ ፕሮግራሞች ከተዘባበቱበት በኋላ ለዘብ ተደርጎ ጸደቀ፦ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ለጥቂት ዓመታት በአዲሱ ቁጥር እንዳይሠሩና ጉባኤው በ2015 እንደገና አጥንቶ እንዲመጣ።

በሜይ 2022 በዚያው ደሴት ሮዳንቴ በምትባል መንደር በአንድ ቀን ሁለት ቤቶች ውቅያኖሱ ውስጥ ገቡ። የአንዱን ቪዲዮ ብዙዎቻችሁ አይታችኋል። በእንጨት እግር ላይ የቆመ ባለ ፎቅ ቤት እግሮቹን እንደሚያጥፍ ግመል ቁጭ ይልና ማዕበሉ ላይ ይንሳፈፋል። ከዚያ በኋላ ያለውን ግን ካሜራው አያሳይም። ሳንቃው፣ ምስማሩ፣ የግድግዳው ስፖንጅ፣ የሽንት ቤቱ ታንከር ክዳን በኪሎ ሜትሮች ይበተናል፤ የብሔራዊ ፓርኩ ጠባቂዎች በጓንት ምስማር ይለቅማሉ። ከ2020 ወዲህ በዚህች መንደር የወደቁት ቤቶች በርካታ ናቸው።

አንድ ደሴት፣ አንድ ውቅያኖስ፣ የአንድ አገር ሳይንቲስቶች። ማማው ለምን ዳነ፣ ቤቶቹ ለምን አልዳኑም? ማማው አንድ ባለቤት ነበረው፤ የብሔራዊ ፓርክ አገልግሎት። ቢነሣም የማንም መሬት ዋጋ አይቀንስም። ጥያቄውም ጠባብ ነበር፦ ይነሣ ወይስ አይነሣ? የአንድ ሜትሩ ቁጥር ግን የእያንዳንዱን ቤት ዋጋ፣ ኢንሹራንሱን፣ የባንክ ብድሩን፣ የአውራጃውን ግብር ይነካል። ስለዚህ በምክር ቤቱ መሳቅ ይቀላል እንጂ ነገሩን አያስረዳም። ሰዎቹ ሳይንስ ጠልተው ብቻ አይመስለኝም፤ ከዘጠና ዓመት በኋላ ላለው ጊዜ የተሰጠ ቁጥር ዘንድሮ ምን አድርጉ እንደሚላቸው አልገባቸውም፣ የነገራቸውም የለም። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይባላል፤ በዓመት ጥቂት ሚሊ ሜትር የሚጨምር ባሕር ከዚህም የባሰ ነው፤ ለመሳቅም አይታይም።

በ2015 የመጣው ሁለተኛ ሪፖርት ለ30 ዓመት ብቻ ተነበየ። ሳይንቲስቶቹ ተንበረከኩ ያሉ ነበሩ። እውነትነት አለው፤ ፍጥነቱ የሚጨምረው ከ30 ዓመቱ ወዲያ ስለሆነ ክፉው ክፍል ከገጹ ላይ ተቆርጧል። በሌላ በኩል 30 ዓመት የአሜሪካ የቤት ብድር ዘመን ነው። ቤት ገዢ የሚገባው ቁጥር እሱ ነው። ሁለቱም በአንድ ገጽ ላይ ቢወጡ ምን ነበረበት?

ከቤት ወደ ዓሣ እንለፍ። የካናዳዋ ኒውፋውንድላንድ የኮድ ዓሣ አገር ናት፤ አውሮፓ ለአምስት መቶ ዓመት ያህል ከዚያ ተመግቧል። በ1968 ብቻ ከ800,000 ቶን በላይ ወጣ። ካናዳ በ1977 እስከ 200 የባሕር ማይል ያለውን ውሃ የራሷ ካደረገች በኋላ የውጭ መርከቦችን አስወጥታ በሳይንስ አስተዳድራለሁ አለች። እዚህ ላይ የተሳሳቱት ሳይንቲስቶቹ ራሳቸው ናቸው። የዓሣውን ብዛት በከፊል ከትልልቅ ጎታች መርከቦች ምርት ይገምቱ ነበር። ኮድ ግን ሲያንስ አንድ ላይ ይታጎራል፤ ትልቁ መርከብ በመሣሪያ ፈልጎ ያገኘውና እንደ ትናንቱ ሞልቶ ይመለሳል። ባሕሩ እየተራቆተ ወረቀቱ ጥጋብ ይላል። በትናንሽ ጀልባ ዳር ዳሩን የሚያጠምዱት ሰዎች ዓሣው ማነሱንና መቀነሱን ይናገሩ ነበር፤ በራሳቸው ወጪም ጥናት አስጠኑ። የእነሱ መረጃ «ወሬ» ነበር፤ የመርከቡ «ዳታ»።

በ1989 መጀመሪያ ሳይንቲስቶቹ ስህተታቸውን አርመው ኮታው ወደ 125,000 ቶን ይውረድ አሉ። የቀደመው ዓመት ኮታ 266,000 ነበር። መንግሥት 235,000 ላይ ወሰነ። ገበያ ላይ ሻጭና ገዢ መካከል ላይ ቢገናኙ ያባት ነው። ዓሣ ግን ዋጋ አይከራከርም፤ ዝም ብሎ ያልቃል። ጁላይ 2 ቀን 1992 የዓሣ ሀብት ሚኒስትሩ ጆን ክሮስቢ ጥመዳው መዘጋቱን አስታወቁ። 30,000 ያህል ሰው ሥራ ፈታ። ለሁለት ዓመት የተባለው እገዳ የተነሣው በ2024 ነው።

የዚህ ታሪክ ትምህርት «ሳይንቲስትን ስሙ» የሚል አጭር ነገር እንዳልሆነ አያችሁ። ሰምተው ተሳስተዋል፤ ሳይሰሙም ተሳስተዋል። የሚያናድደኝ ባለ ትናንሽ ጀልባዎቹ በራሳቸው ወጪ ያስጠኑት ጥናት ነው፤ ከመርከቡ ዳታ ጎን አንድ ወንበር ቢሰጠው ኖሮ ስህተቱ ቀደም ብሎ ይገኝ ነበር።

በአውሮፓ በኩል ዓለም አቀፉ የባሕር ጥናት ጉባኤ ከ1902 ጀምሮ አለ፤ መቀመጫው ኮፐንሃገን ነው። በየዓመቱ ለእያንዳንዱ የዓሣ ዓይነት «ከዚህ አትለፉ» የሚል ምክር ያወጣል፤ ምክሩም ማንም በሚያነበው መልኩ ይታተማል። የአውሮፓ ኅብረት ሚኒስትሮች በየዲሴምበሩ ብራሰልስ ላይ ሌሊቱን ሲደራደሩ ያድራሉ። ብዙ ጊዜ ከምክሩ አልፈዋል። ነገር ግን ሁለቱም ቁጥሮች አደባባይ ላይ ስላሉ ማንኛውም ተማሪ ቀንሶ ልዩነቱን ያገኛል፤ የትኛው ሚኒስትር ለየትኛው ዓሣ ስንት ቶን እንዳስጨመረ ጋዜጣ ይጽፋል። ያ ኀፍረት ቀስ እያለ ሕግ ወለደ፤ በ2013 በተሻሻለው የዓሣ ፖሊሲ መሠረት ጥመዳው እስከ 2020 ወደሚዘልቅ መጠን እንዲወርድ ታዘዘ። ቀነ ገደቡ ሙሉ በሙሉ አልተከበረም። ሆኖም አለመከበሩን የምናውቀውም ቁጥሩ ስለታተመ ነው።

ወደ ሆላንድ ልመልሳችሁ፤ የነሱ ታሪክ ከጎርፉ አያበቃምና። የዴልታ ኮሚሽን ሥራውን ሲጀምር ፋን ዳንትዚኽ የተባለ የሒሳብ ሊቅ ጠራና «ክትር ምን ያህል ይርዘም?» ሲል ጠየቀው። መልሱ ቁመት ብቻ አልነበረም። ክትር ማሳደግ ስንት ያስወጣል፣ ቢሰበር ስንት ያከስራል፣ ሁለቱ የሚመጣጠኑት የት ላይ ነው? ለዋናው የሆላንድ ክፍል የተወሰደው መለኪያ በ10,000 ዓመት አንዴ የሚመጣን ሙላት የሚችል ክትር ሆነ። ምን ያህል አደጋ እንሸከማለን የሚለውን ለመወሰን ግን ሒሳብ አይበቃም፤ ያ የሕዝብ ጉዳይ ነው። ስለዚህ ፓርላማ ወሰነና ሕግ አደረገው። ምክርና ውሳኔ እንዲህ ተለይተው ሲቀመጡ ያምራሉ።

ቀጥሎ የመጣው ግን የባሰ ከባድ ነበር። ዕቅዱ ምሥራቅ ስኸልት የሚባለውን የባሕር ሰርጥ ዘግቶ ጣፋጭ ውሃ ማድረግ ነበር። በ1970ዎቹ ሥራው ተጀምሮ ሳለ የሥነ ሕይወት ባለሙያዎች፣ ዛጎል ለበስ የባሕር ምግብ የሚያረቡ ሰዎችና ወጣቶች ተነሡ፤ ሰርጡ ከተዘጋ ሙላትና ሽሽቱ ይቆማል፣ ወፉም ዛጎሉም ያልቃል አሉ። ከሁለቱም ወገን የቆሙት ሳይንቲስቶች ናቸው፤ አንዱ የሰው ሕይወት ይላል፣ ሌላው የባሕሩን። መንግሥት ለሁለቱም የሚሆን መንገድ ካለ አጥኑልኝ አለ። በ1986 የተመረቀው 62 የብረት በሮች ያሉት መከላከያ የዚያ ልጅ ነው። በሮቹ ወትሮ ክፍት ናቸው፤ ውሃው ከመደበኛው ልክ ሦስት ሜትር ከፍ ይላል ሲባል ይወርዳሉ። ወጪው ከመጀመሪያው ዕቅድ እጅግ በለጠ።

እልል ብላችሁ ከሆነ ትንሽ ቆዩ። መከላከያው የውሃውን ጉልበት ስለቀነሰው፣ ባሕሩ ከጥልቁ አሸዋ አንሥቶ ወደ ደለሉ ሜዳ መመለስ አቃተው። ማዕበል ሜዳውን ይልጠዋል፣ የሚተካው የለም። ሆላንዶች «የአሸዋ ረሃብ» ይሉታል። ወፎቹ የሚመገቡበት ሜዳ እየጠበበ ስለሄደ ከ2019 ጀምሮ በአንዱ ሜዳ ላይ ከአንድ ሚሊዮን ሜትር ኩብ በላይ አሸዋ በመርከብ ተደፋበት። ከተሳካው የሳይንስ ምክርም ቀጥሎ ሌላ ምክር ያስፈልጋል ማለት ነው፤ ቁም ነገሩ የሚከታተል፣ የሚለካና የሚናገር መሥሪያ ቤት ከምረቃው በኋላም መኖሩ ነው። ከ2012 ወዲህ በሕግ የተቋቋመ የዴልታ ኮሚሽነር አለ፤ የሥራ ፕሮግራሙ በየዓመቱ ሴፕቴምበር ላይ ከአገሪቱ በጀት ጋር ለፓርላማ ይቀርባል። ፋን ፌን ዛሬ ቢኖር የብዕር ስም ባላስፈለገው።

ስለ ተከላ አንድ ነገር ልበል፤ እኛንም ይነካናልና። ማንግሮቭ በጨዋማ ውሃ ዳር የሚበቅል ዛፍ ነው፤ ማዕበል ይሰብራል፣ ዓሣ ያስጠልላል። ፊሊፒንስ ለአሥርት ዓመታት በዘመቻ ተከለች። አጥኚዎቹ በኋላ ሲቆጥሩ የጸደቀው ከ10 እስከ 20 በመቶ ብቻ ነበር። ምክንያቱ የሚያሳዝን ነው። ለዛፉ የሚስማማው ከፍ ያለው ረግረግ የግለሰቦች የዓሣ ኩሬ ሆኗል፤ ስለዚህ ተካዩ ባለቤት ወደሌለው ዝቅተኛ ጭቃ ሄደ፣ እዚያ ደግሞ ችግኙ ይሰምጣል። ዝርያውም የተመረጠው ለቦታው ሳይሆን ፍሬው ለመትከል ስለሚቀል ነው። ባለሙያዎቹ ሁለቱንም ተናግረዋል። ነገር ግን የዘመቻው መለኪያ የተተከለ ነው እንጂ የጸደቀ አልነበረም።

ወደ እኛ ቀረብ ብሎ፣ በኤርትራ ሕርጊጎ፣ ጎርደን ሳቶ የተባለው ጃፓናዊ አሜሪካዊ ሳይንቲስት በተቃራኒው ጀመረ። ማንግሮቭ በቀይ ባሕር ዳር በራሱ የሚበቅለው የክረምት ጎርፍ ወደ ባሕሩ በሚገባበት ቦታ ብቻ መሆኑን አየ። ጎርፉ ጣፋጭ ውሃ ስለሚያመጣ ነው ብሎ አልተወውም፤ የሚያመጣው ናይትሮጅን፣ ፎስፈረስና ብረት ነው አለና እነዚህን ለችግኙ እየመገበ ባዶ በነበረ ዳርቻ ላይ አጸደቀ። በ2005 ብሉ ፕላኔት የሚባለው የጃፓን ሽልማት ተሰጠው። አንድ ሰው ቆም ብሎ «ለምን እዚህ ብቻ?» ብሎ በመጠየቁ ነው።

እንግዲህ ወደ ቤታችን። እኛ ባሕር የለንም፤ ባሕር ዳር የምትባል ከተማ ግን አለችን። ጣና ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ስፋት አለው፤ ጥልቀቱ ግን በጥልቁ ቦታ እንኳ ከ14 ሜትር ብዙም አያልፍም። እንደ ትሪ ነው። ዳርቻው ጠፍጣፋ ስለሆነ ውሃው ጥቂት ሲወርድ ብዙ መሬት ይራቆታል። ከላይ የተጻፈው የባሕር ዳርቻ ጣጣ ሁሉ፣ ከማዕበሉ በቀር፣ እዚህ አለ።

ከዓሣው ልነሣ። ጣና ውስጥ ባርበስ ከሚባለው የዓሣ ወገን በዓለም ላይ ሌላ ቦታ የማይገኙ አሥራ አምስት ያህል ዝርያዎች አሉ። በ1986 የሞተር ጀልባና የናይለን መረብ ገባ። ዓሦቹ በክረምት መውጫ እንቁላል ሊጥሉ ወደ ጉማራ፣ ወደ ርብና ወደ ሌሎቹ ወንዞች ሲወጡ መረቡ አፉ ላይ ይጠብቃቸው ጀመር። የሆላንድና የኢትዮጵያ ተመራማሪዎች አብረው ሲለኩ ወንዝ ውስጥ የሚራቡት ዝርያዎች በአሥር ዓመት ውስጥ ሦስት አራተኛ ያህል ቀነሱ። ምክሩ አንድ መስመር ነው፦ በመራቢያው ወራት የወንዞቹን አፍ ዝጉ። በ2003 የፌዴራልም የክልልም የዓሣ አዋጅ ወጣ። ምክሩ ወረቀት ላይ ወጣ ማለት ነው። በነሐሴ ጭቃ ውስጥ ከጉማራ አፍ ላይ ቆሞ መረብ የሚያስነሣ ሰው ግን አበል፣ ጀልባና ነዳጅ ይፈልጋል።

ቀጥሎ ውሃው። በ1996 ዓባይ ከጣና በሚወጣበት ጨረጨራ ላይ መቆጣጠሪያ ግድብ ተሠራ፤ በ2001 ተጨማሪ በሮች ተደረጉለት። በ2003 በድርቁና ለመብራት በተለቀቀው ውሃ የሐይቁ ከፍታ ጀልባ ለመሄድ ከሚያስፈልገው 1,785 ሜትር በታች ወረደ፤ ትልልቆቹ ጀልባዎች ቆሙ። ውሃው የሸሸበት መሬትም ሳይውል ሳያድር ታረሰ። በ2010 ለበለስ የኃይል ማመንጫ ከሐይቁ በሌላ በኩል ውሃ መውሰድ ተጀመረ። በዚያው ዓመት የወጣ የዓለም አቀፉ የውሃ አያያዝ ተቋም ጥናት በዕቅድ ላይ ያለው ልማት ሁሉ ከተሠራ አማካይ የሐይቁ ከፍታ 0.44 ሜትር ይቀንሳል አለ። ክንድ የማትሞላ ናት፤ ትሪ ላይ ግን ክንድ ብዙ ነው። ልማቱ ይቅር ያለ የለም፤ የመስኖ ውሃ የሚጠብቅ ገበሬና መብራት የሚጠብቅ ከተማ አለ። ለሐይቁ ስንት ይቅር የሚለውን ማን፣ መቼ፣ በምን ስሌት እንደሚወስን ለባለ ታንኳው የነገረው ማን ነው?

እንቦጭን ሳልጠቅስ ባልፍ አትምሩኝም። አንዱን ከውሃ መዘዝ አድርጋችሁ እዩት። አገዳው ያበጠ ነው፤ ስትጨብጡት እንደ ስፖንጅ እምጭ ይላል፣ ውስጡ አየር ነው። ሥሩ እንደ ረጠበ ጥቁር ጸጉር ይንጠለጠላል፤ ጸጉሩ መሀል ደለል ተሰግስጓል። አበባው ሐምራዊ ሆኖ መሀሉ ላይ ቢጫ ነጥብ አለው። ያምራል፤ ከደቡብ አሜሪካ ተነሥቶ ዓለምን የዞረውም ለውበቱ ተብሎ ነው። ጣና ላይ መታየቱ የታወቀው በ2011 ነው። ቆቃ ላይ ግን ከ1960ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ነበር። ግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል በዓይናችን ሥር ያደገ አረም ነው ጣና ላይ «ድንገት» የደረሰው።

የባለሙያው ምክር ብዙም አያወላዳም። እንቦጩ የሚበላው ከላይ ከማሳው የሚወርደውን ደለልና ማዳበሪያ፣ ከከተማው የሚለቀቀውን ፍሳሽ ነው፤ ምግቡ ሳይቆም እሱ አይቆምም። ዘሩ ጭቃ ውስጥ ሃያ ዓመት ያህል ተኝቶ ሊነሣ ይችላል፤ ስለዚህ ሳያብብ ይነቀል። የተነቀለው ዳር ላይ ከተከመረ ክረምት መልሶ ይወስደዋል፤ ስለዚህ ይራቅ። እንቦጭ ብቻ የሚበላ ጢንዚዛ አለ፤ ቪክቶሪያ ሐይቅ ላይ ከ1995 ጀምሮ ተለቆ አረሙ በጥቂት ዓመታት ውስጥ እጅጉን ቀንሷል። ጢንዚዛው ነው ወይስ በ1997 እና 98 የነበረው የኤል ኒኞ ዝናብና ማዕበል ነው በሚለው ላይ ግን አጥኚዎች ተከራክረዋል። ወደ እኛም ከኡጋንዳ መጥቶ ተጠንቷል። ሥራው ዓመታት ይፈጃል።

የተወሰነው ዘመቻ ነው። ገበሬው ወገቡ ድረስ ውሃ ውስጥ ገብቶ፣ አልቅት እየጠባው፣ በእጁ ነቀለ። በአሜሪካና በሌላውም አገር ያሉ ወገኖች አዋጥተው ማሽን ላኩ። ይህን ማቃለል ግፍ ነው፤ ያን ውሃ ውስጥ ያልገባ ሰው አፉን ቢይዝ ይሻለዋል። የሚያስቆጨው ሌላ ነው። ዘመቻ ቀን አለው፣ ፎቶ አለው፣ «ይህን ያህል ሄክታር ጸዳ» የሚል ቁጥር አለው። ከጣና ሰማንያ ኪሎ ሜትር ርቆ ተራራ ላይ የተሠራ እርከን ለጣና ሲባል እንደተሠራ ማንም ፎቶ አያነሣውም። የተነቀለውን ቆጠርን፤ የፊሊፒንስ ሰዎች የተከሉትን እንደቆጠሩት።

ምክር የሚሰጥበትን ቦታም እናውቀዋለን። ወርክሾፕ ላይ የተቀመጠ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፦ ባነር፣ ፎልደር፣ የሻይ ሰዓት፣ አበል፣ በመጨረሻም «የጋራ መግባባት ላይ ተደርሷል»። ጥናቱ ሰማያዊ ፎልደር ውስጥ ሆኖ ቤት ይገባል። በዚያ አዳራሽ ብዙ ጊዜ የማይታዩት ደግሞ ነገደ ወይጦዎች ናቸው፤ ደንገል አጭደው ታንኳ የሚሠሩት። ደንገል ሲመነምን ለእነሱ የመንገድ ርዝመት ነው፤ ዓምና ከደጅ ያጭዱት ዘንድሮ ይቀዝፉለታል። የኒውፋውንድላንድ ባለ ትናንሽ ጀልባዎች ታሪክ እዚህም እንዳይደገም የሚያሰጋው ይኸው ነው።

ሕግ የለንም እንዳይባል፣ በ2002 የወጣው የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299 የጥናቱ ሪፖርት ለሕዝብ ክፍት እንዲሆንና አስተያየት እንዲሰበሰብበት ያዝዛል። አዋጁ የሚያዝዘው ሪፖርት በእጃችሁ ገብቶ ያነበባችሁ ስንቶቻችሁ ናችሁ? በሐይቅ ዳር አጥር ሲታጠር፣ ረግረግ ሲደለደል፣ የግድብ በር ሲከፈት ባለሙያው ያለው ምን እንደነበር የምንሰማው ነገሩ ከተበላሸ በኋላ፣ ያውም ከባለሙያው ሹክሹክታ ነው።

ስለዚህ በጣና ጉዳይ በሚቀጥለው ስብሰባ ላይ ለምትቀመጡ አንድ ልመና አለኝ። ምክሩን ላትቀበሉት ትችላላችሁ፤ የተሾማችሁት ልትወስኑ ነው፣ ባለሙያውም ይሳሳታል። ግን ማን ምን እንደመከራችሁ፣ በስንት ቀን፣ ያልተቀበላችሁትንም ለምን እንዳልተቀበላችሁ በአንድ ገጽ፣ በአማርኛ ጻፉና ከታንኳ መቆሚያው በር ላይ ለጥፉልን።